አሮጌውን ዎልፔፐር ልላጠው ወይስ ልተወው ላልሽው

የ1880ዎቹ ቤት ገዝተሽ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ንብርብር ዎልፔፐር (የግድግዳ ወረቀት) አገኘሽ፤ የታችኛው ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ኮንትራክተሩ ዛሬ ነገ ሳይል ልላጠው ይልሻል። እህቴ፣ እኔም እዚሁ ሜሪላንድ አሮጌ ቤት በማደስ ነው የምተዳደረው። ለጊዜው እንዳይነካው በይው።

የሚያሳስበኝ አረንጓዴው ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀለም ብዙ ጊዜ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ነበረበት። በደረቁ ከተፋቀ አቧራው ቤቱን ይሞላዋል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለምም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጭ ወስደሽ ላብራቶሪ አስመርምሪ።

ከዚያ ባትሪ ከጎን አብርተሽ እዪው። ቀለሙ ወፈር ብሎ ጠርዙ ላይ ከፍ ካለ፣ በእንጨት ማኅተም በእጅ የታተመ ነው። ስስ ከሆነ የማሽን ነው፤ የቤትሽን ዕድሜ ሳየው የማሽን ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ርካሽ ወረቀት ከእንጨት ስለሚሠራ ቡናማ ሆኖ ይፈረፈራል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙው ሀብት የሚባል አይደለም።

ግን አንዳንዴ ይገኛል። ዋይት ሃውስ የዲፕሎማቶች መቀበያ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው የአሜሪካ መልክዓ ምድር ሥዕል ዎልፔፐር ነው። ዙበር የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ በ1834 ነው ያወጣው፤ ለማተም ከ1,600 በላይ የእንጨት ማኅተም ፈጅቷል። በ1961 ተላጥቶ የመጣው ከየት መሰለሽ? እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቱርሞንት ከተማ ሊፈርስ ከነበረ ቤት!

የላብራቶሪው ውጤት ንጹህ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ከሌላው ግድግዳ ከእያንዳንዱ ንብርብር መዳፍ የሚያህል ቁራጭ አስቀርቼ፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ጽፌበት አስቀምጣለሁ። በእርጥብ ጥጥ ጥግ ላይ ነካ አድርጊው፤ ቀለሙ ወደ ጥጡ ከወጣ ውኃም እንፋሎትም አይወድም ማለት ነው። የተላቀቀውን ጠርዝ በቀጭኑ በተቀቀለ የስንዴ ስታርች አጣብቂው። ነጩን የአናጢ ኮላ በጭራሽ! አንዴ ከደረቀ ወረቀቱን ሳትቀጂ አታነሺውም፤ ስታርች ግን በትንሽ እርጥበት ይለቃል።

አገር ቤት ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በረሮ እንዴት እንደሚወደው ታውቂያለሽ። የስታርቹ ሙጫም ያው ነው። ግድግዳው እርጥበት ካለው ሻጋታም ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ሙጫውን ከማብሰልሽ በፊት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ አሠሪ።