የግፊት ኪኒንና የፕሮቲን ጉዳይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኪኒን እየወሰድኩ ግፊቴ 120/80 ሆነ። ድኛለሁ ማለት ነው? ላቁመው?

መልስ፦ እባክህ እንዳታቆም! ግፊቱን ያወረደው ኪኒኑ ነው። ጉበታችን አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባል ፕሮቲን ሲሠራ ነው የሚውለው። ከኩላሊት የሚወጣው ሬኒን የሚባል ኢንዛይም (እንደ መቀስ የሚቆርጥ ፕሮቲን በለው) ከዚህ ፕሮቲን ላይ ባለ 10 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ይቆርጣል፤ አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው። ኤሲኢ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ሁለቱን ገንጥሎ 8 ያስቀራል። ይህች ቁራጭ አንጂዮቴንሲን 2 ናት። የደም ሥርን የምታጠበው እሷ ነች። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ኪኒን ኤሲኢን ሥራ ያስፈታዋል። ሎሳርታን የሚባለው ሌላው ኪኒን ግን ቁራጯ የምታርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝባታል። ጉበትህ ሥራውን አላቋረጠም። ኪኒኑ ከሰውነትህ ሲወጣ ግፊቱም ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ጉበት ፕሮቲን ይሠራል ሲባል አልገባኝም። ፕሮቲን የምንበላው አይደል እንዴ?

መልስ፦ የበላነው ፕሮቲን ተፈጭቶ ወደ አሚኖ አሲድ ይበተናል። ሴሎቻችን ያንን መልሰው ይገጣጥሙታል። አገጣጠሙ የተጻፈው ዲኤንኤ ላይ ነው። ከዚያ ኮፒ ይወሰዳል፤ ኮፒው ኤምአርኤንኤ ይባላል። ራይቦዞም የሚባለው የሴሉ ፕሮቲን መገጣጠሚያ ኮፒውን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነበዋል። በየሦስቱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ ይቀጥላል፤ «በቃ» የሚል ምልክት ሲያገኝ ያቆማል። ሬኒኑም፣ ኤሲኢውም፣ የልብ ጡንቻውም የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲድ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኮፒውን ማጥፋት አይሻልም?

መልስ፦ እየተሞከረ ነው! ዚሌቤሲራን የሚባል መርፌ አለ። ጉበት ውስጥ ያለው የአንጂዮቴንሲኖጅን ኤምአርኤንኤ እንዲቆራረጥ ያደርጋል። ኮፒው ከሌለ ራይቦዞሙ ምን ያነባል? አንድ መርፌ ለወራት ይሠራል። ገና በምርምር ላይ ስለሆነ ግን ኪኒንህን ትተህ እሱን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ኢናላፕሪል ከጀመርኩ ወዲህ ደረቅ ሳል አላስተኛኝ አለ።

መልስ፦ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ አይዞሽ። ኤሲኢ ብራዲካይኒን የሚባል ነገርም ይሰባብራል። ኤሲኢ ሥራ ሲፈታ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀማል፤ ሳሉን የሚያመጣው እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ወደ ሎሳርታን ሊቀይርልሽ ይችላል። ከንፈርሽ፣ ምላስሽ ወይም ፊትሽ ካበጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ ሎሳርታን እየወሰድኩ አረገዝኩ።

መልስ፦ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሎሳርታንም ኢናላፕሪልም የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። እንደ ሜቲልዶፓ ያለ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ይቀይርልሻል።