«ለጌም ነው ቻይና የላክንሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሃንግዡ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። አንድ የኦንላይን ጌም ኩባንያ ሁለት ቦታ አቅርቦልሻል፦ አንዱ የውጭ አገር ተጫዋቾችን ቅሬታ ማስተናገድ፣ ሌላው ደመወዙ አነስ ያለ የሰርቨር (ጌሙ የሚሠራባቸው ዋና ኮምፒውተሮች) ክፍል ሥራ። አባትሽ ደግሞ «ጌም ቁማር ነው፤ ለጌም ነው ቻይና የላክንሽ? ይልቅ ነይና ለቻይና ኮንትራክተር አስተርጓሚ ሁኚ» ብለዋል።

አባትሽ ይህን ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ሻንዳ የሚባለው የሻንጋይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የኮሪያ ጌም አምጥቶ ገበያውን ያዘ። ያኔ ሰው የሚከፍለው ለተጫወተበት ጊዜ ነበር። በ2005 መጨረሻ ግን ሻንዳ መግቢያውን ነፃ አደረገና ጌሙ ውስጥ ያለውን ጎራዴ፣ ልብሱን፣ ጉልበቱን ለየብቻ መሸጥ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሳይከፍል ይጫወታል፤ ትርፉ የሚመጣው ደጋግመው ከሚከፍሉ ጥቂቶች ነው። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ በዕጣ ነው የሚወጣው፤ ከፍለሽ ምን እንደሚደርስሽ አታውቂም። ከ2017 ወዲህ የቻይና መንግሥት ኩባንያዎቹ የማግኘት ዕድሉ ስንት እንደሆነ በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዷል። እኔ ይሄ ንግድ አሁንም አይጥመኝም። ቃለ መጠይቁ ላይ የምትሠሪው ዕጣውን እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂ።

ሥራ አይደለም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቴንሰንት የሚባለው የቻይና ኩባንያ ጌም «ኦነር ኦፍ ኪንግስ» በ2020 በቀን በአማካይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች እንዳለው ኩባንያው አሳውቋል። ያ ሁሉ ሕዝብ ይገባል፣ ይገዛል፣ መሐል ላይ መስመር ይቋረጥበታል። ገንዘቡ ሁለቴ እንዳይቆረጥ፣ የተገዛው ዕቃ እንዳይጠፋ፣ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። በቴሌብር ብር ስንልክ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያስጨንቀን ነገር ይኸው ነው። እኔ እንጀራዬን የጀመርኩት በስልክ ሂሳብ ሲስተም ላይ ነው፤ ባንክ ያስገባኝም ያ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የሰርቨሩን ቦታ ያዢ። አባትሽን ስለ ጌም አትከራከሪያቸው። «ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ የሚከፍሉበትን ሲስተም እየተማርኩ ነው» በያቸው። አስተርጓሚነት የተከበረ ሥራ ነው፤ አንቺ ግን ዓመታት የደከምሽው ለእሱ አይደለም። መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ያልቃል። አባትሽ ይህን ከአንቺው አፍ መስማት አለባቸው።

የቅሬታ ክፍሉ ደመወዝ አያጓጓሽ። እነዚህ ኩባንያዎች ወደ ውጭ ገበያ የሚሮጡት አገራቸው ውስጥ ስለተያዙም ነው። አዲስ ጌም ያለ መንግሥት ፈቃድ አይሸጥም፤ ፈቃዱ ደግሞ በ2018 ለወራት ቆሟል፣ ከጁላይ 2021 እስከ ኤፕሪል 2022 እንደገና ቆሟል። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም ከ2021 ጀምሮ የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን፣ ማታ ላይ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝኛሽን የፈለጉት ለዚህ ነው። ጌሙ ውጭ ካልሰመረ ግን ቀድሞ የሚቀነሰው የውጭ ቅሬታ የሚሰማው ሰው ነው።

ለወንድምሽ የትምህርት ክፍያ ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ላኪ መባልሽ አናዶኛል። ደመወዝሽን ገና ሳታዪው ተካፍለውታል። ወንድምሽ የቤተሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ነው። ቤት ኪራይና ማስያዣ በአንድ ላይ ትከፍያለሽ፤ እስክትረጋጊ ድረስ እንደማትልኪ ቁርጡን አሁኑኑ ንገሪያቸው።

ቻይንኛዬ አይበቃም ብለሽ ለፈራሽው፣ የሥራውን ቃላት እዚያው ትለምጃቸዋለሽ። በተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ዩኒቨርሲቲውና የኢሚግሬሽን ቢሮው ሳይፈቅዱ አንድ ቀንም እንዳትሠሪ። ከመፈረምሽ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ፤ እዚያው ቻይና ማስተርስ ለጨረሰ ሰው ያለ ሥራ ልምድ የሥራ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አለ። ወረቀቱን ማን እንደሚያስጨርስ ኩባንያው በጽሑፍ ያስቀምጥልሽ።