ሲምፓይ ልዩነቱን ዜሮ ያላደረገው ለምንድን ነው?

ከላቴክ (የሒሳብ ቀመር ያለበት ጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት) ሰነድዎ የወሰዱት ቀመር፣ ማለትም የኤክስ ካሬ ስኩዌር ሩት ከራሱ ከኤክስ ጋር እኩል ነው የሚለው፣ በሲምፓይ (በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ቀመሮችን በምልክት የሚያሰላ መሣሪያ) ሲፈተሽ የቀመሩ ሁለት ወገኖች ልዩነት ዜሮ ያልመጣው ኤክስ ፖዘቲቭ መሆኑን ስላልነገሩት ነው፤ ኤክስ ኔጋቲቭ 3 ቢሆን ሩቱ 3 ስለሚሆን ልዩነቱ 6 ይመጣል። ተለዋዋጩን ሲፈጥሩ ፖዘቲቭ መሆኑን ይግለጹና ልዩነቱን እንደገና እንዲያቃልል ይዘዙት፤ ዜሮ ይሰጥዎታል። ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ በሰነዱም ላይ ከቀመሩ ጎን ይጻፉት፤ ለአንባቢም ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ አንድ ረጅም ቀመር በእጄ ወደ ፓይተን ገልብጬ ስፈትሽ ትክክል ነበር፤ በታተመው ገጽ ላይ ግን አንድ የመቀነስ ምልክት ተዘሎ ቀርቷል፤ የፈተሽኩት የራሴን ግልባጭ እንጂ ሰነዱን አልነበረምና። ስለዚህ የተረጋገጠውን ቀመር ሲምፓይ ራሱ ወደ ላቴክ ይለውጥልዎ፤ እርስዎም ምንም ሳይነኩ ሰነዱ ውስጥ ይለጥፉት።