ጳውሎስ ከአንጾኪያ ተነስቶ እንዴት አንጾኪያ ገባ?

ሁለት ከተሞች ናቸው ወንድሜ። ሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ጳውሎስና በርናባስ የሚነሱባት አንጾኪያ የሶርያዋ ናት። ቁጥር 14 ላይ የሚገቡባት ግን በጲስድያ በኩል ያለችው ናት። ሁለቱም ፍርስራሾች ዛሬ ቱርክ ውስጥ ይገኛሉ። የመጀመሪያዋ አንታክያ፣ ሁለተኛዋ ያልቫች አጠገብ።

ስሙ የበዛው በግሪክ ነገሥታት ምክንያት ነው። ከታላቁ እስክንድር ሞት በኋላ የጦር አለቃው ሰሌውቆስ ግዛት ያዘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የሶርያዋን ከተማ ቆርቁሮ በአባቱ በአንጥዮኮስ ስም ጠራት። እሱና ልጆቹ የቤተሰባቸውን ስም በየሄዱበት ሰጡ። ሎዶቅያም እንደዚሁ ናት፤ በራእይ የተጠቀሰችው የፍርግያዋ ስትሆን፣ ሶርያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሎዶቅያ ነበረች፤ የዛሬዋ ላታኪያ።

ስታነብ ጎረቤቶቹን እይ። ኢቆንዮንና ልስጥራን አብረው ከተጠሩ የጲስድያዋ ናት። ሴሌውቅያ ከተጠራች የሶርያዋ ናት፤ ወደቧ ነበረችና።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በጥናት ቡድኖች ውስጥ ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየው ምዕራፍ 14 ላይ ነው። ቁጥር 19 ላይ ጳውሎስን በድንጋይ ያስወገሩት ሰዎች የመጡት ከጲስድያዋ አንጾኪያና ከኢቆንዮን ነው። ቁጥር 21ም እሷው ናት። ቁጥር 26 ላይ ግን ከአጣልያ በመርከብ የተመለሱት ወደ ሶርያዋ ነው። በአንድ ገጽ ላይ፣ ያለ ምንም ምልክት ይቀያየራሉ። ካርታ ዘርግተህ ጉዞውን በጣትህ እየተከተልክ አንብበው።