በሩቢዲየም ሴል ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የሩቢዲየም ተን በያዘው የመስታወት ሴል መግነጢሳዊ መስክ ለመለካት በዜሮ መስክ አካባቢ ስትሠሩ የሬዞናንሱ መስመር (አተሞቹ ለመስኩ የሚሰጡት ምልክት) ሰፍቶ ከታያችሁ ጥፋቱን በአተሞች ግጭት ላይ ጥላችሁ ሴሉን ለማቀዝቀዝ አትቸኩሉ።

የሩቢዲየም 87 ሁለት ሃይፐርፋይን ደረጃዎች (በኤሌክትሮኑና በኒውክሊየሱ ስፒን አቀማመጥ የሚለያዩ የኃይል ደረጃዎች) በመስክ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ የስፒን ልውውጥ ግጭት (ሁለት አተሞች የኤሌክትሮን ስፒናቸውን የሚለዋወጡበት) አተሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። በሁለት ግጭቶች መካከል ብዙ ከዞረ ፌዙ (የአዟዟራቸው ኅብር) ይበታተናል፣ መስመሩም ይሰፋል። ግጭቱ ቶሎ ቶሎ ከመጣ ግን ለመበታተን ጊዜ የለም፤ ጠቅላላው ስፒንም በግጭቱ ስለማይጠፋ ሁሉም ተያይዘው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ሃፐርና ታንግ ይህን መጥበብ ያሳዩት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው።

በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ አተም በሰከንድ ከ80 ሺህ ጊዜ በላይ ስፒን ይለዋወጣል። በ10 ናኖቴስላ ብቻውን ቢሆን በሰከንድ የሚዞረው 70 ጊዜ ነው፤ በምድር መስክ፣ በ50 ማይክሮቴስላ፣ ግን 350 ሺህ ጊዜ። ከልውውጡ የሚቀረው ስፋት በመስኩ ስኩዌር ስለሚያድግ መስኩን በግማሽ መቀነስ ይህን ድርሻ ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ስለዚህ የሙ-ሜታሉን መከላከያ (የውጭ መስክ የሚያግደውን የቅይጥ ብረት ሽፋን) ዲጋውስ አድርጉና፣ ማለትም የቀረ ማግኔትነቱን አጥፉና፣ በሦስቱ ጥቅል ሽቦዎች መስኩን ዜሮ አድርጉ። አንዱን ዘንግ ስታስተካክሉ ሌላው ስለሚነቃነቅ ደጋግማችሁ ዙሩባቸው። ማሞቂያውን ለጥቂት ሰከንድ አጥፉት፤ ዜሮው ከዘለለ መስኩ የመጣው ከማሞቂያው ሽቦ ነው። ሽቦውን ጠምዝዙት፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክም አሙቁት። ስፒኖቹን የሚያሰልፈው የ795 ናኖሜትሩ ሌዘር ከሩቢዲየሙ የብርሃን መምጠጫ መስመር መሃል ፈቀቅ ካለ ክብ ፖላራይዝድ ብርሃኑ ራሱ በጨረሩ አቅጣጫ እንደ መስክ ይሠራል። ሌዘሩን በነካችሁ ቁጥር በዚያ ዘንግ ያለውን ዜሮ እንደገና ፈልጉ።

የብርሃኑን ኃይል ለመምረጥ ስፋቱን በተለያየ ኃይል ለክታችሁ ወደ ዜሮ ኃይል ዘርጉት፤ ስፋቱ የዚያ እጥፍ የሚሆንበት ቦታ ጥሩ መነሻ ነው፣ የአተሞቹ ፖላራይዜሽንም (ስፒናቸው በአንድ አቅጣጫ የመሰለፉ መጠን) 50 በመቶ ግድም ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መስኩን በዜሮ ዙሪያ እየቀያየሩ የሚለካው ስፋት የኒውክሊየሱን ማዘግየት (ኒውክሊየሱ የኤሌክትሮኑን ስፒን ለውጥ የሚያዘገይበትን) አይጨምርም፣ የምልክቱ መክሰሚያ ጊዜ ግን እንደ ፖላራይዜሽኑ መጠን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይረዝማል። ሁለቱን እንዳለ አታወዳድሩ።

የሴሉ መስኮቶች ሩቢዲየሙ ከሚቀመጥበት ጭራ ይልቅ ጥቂት ዲግሪ ይሙቁ፤ ያለዚያ ሩቢዲየሙ እነሱ ላይ ይጠራቀማል። ሙቀቱ 12 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የተኑ እፍጋት እጥፍ ስለሚሆን ብርሃኑ ሴሉ መግቢያ ላይ ተውጦ የኋላው ክፍል ሊጨልም ይችላል። ምልክቱ ያኔ ከወረደ በመጀመሪያ በሴሉ ማዶ የሚወጣውን ብርሃን ለኩ።