ቤተ ክርስቲያንን ልታሳድጉ ለተነሣችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የወንጌላውያን አጥቢያዎች ለወንጌል አገልግሎት የተነሣችሁ ወጣቶች ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ታድጋለች? እኔ ሰባኪ አይደለሁም። በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በአጥቢያዬ በሽማግሌነት የማገለግል ሰው ነኝ። የምመልስላችሁም ከዚሁ ከወሎ ምድር ተነሥቼ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ቦሩ ሜዳን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ ሰበሰቡ። የክርስቲያኖቹ የሃይማኖት ክርክር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተቋጨ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዓሊ የተጠመቁት ያን ጊዜ ነው። እድገት በተጠማቂ ብዛት የሚለካ ቢሆን ኖሮ ያ ዘመን ታላቅ ዘመን በተባለ ነበር። ነገር ግን እንደ ሸህ ጠልሃ ያሉት ነፍጥ አነሡ፣ አገር ጥሎ የተሰደደው ተሰደደ፣ የቀረውም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ዛሬ ስትሰብኩ የሚሰማችሁ ጎረቤት ይህን ታሪክ ከአያቶቹ ሰምቶታል። እናንተ ብትረሱት እርሱ አልረሳውም።

በዚያው በቦሩ ሜዳ፣ ዘመን አልፎ፣ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የውጭ ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰዎች የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ከፈቱ። ሙያዬ ስለሆነ ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። የሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳል። እግሩ የደነዘዘ ሰው እሾህ ቢወጋው፣ ፍም ቢያቃጥለው አይሰማውም፤ ቁስሉ እያመረቀዘ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቀድሞ ያለው መድኃኒት ዳፕሶን ብቻ ነበር፣ ለዓመታት ይዋጣል። በኋላ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን ሲጨመሩ ሕክምናው በወራት የሚያልቅ ሆነ። መድኃኒቱ ግን ተሕዋሲውን ይገድላል እንጂ የሞተውን ነርቭ አያስነሣም። ስለዚህ ትልቁ ሥራ እግሩን መንከባከብ ነው፦ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የጠጠረውን ቆዳ መፋቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ስንጥቅ እንዳለ መፈተሽ፣ በልኩ ለስላሳ ጫማ ማሠራት። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ዘመድ የሸሸውን ሰው እግር ይዞ የሚያጥብ ሰው ስለ እምነቱ ሲጠየቅ መልሱ ይደመጣል። ሙስሊም ሆኖ የመጣ ሙስሊም እንደሆነ ታክሞ ይሂድ፤ መድኃኒት የጥምቀት ዋጋ አይደለም። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ።

እህልም እንዲሁ ነው። በ1966ቱ ረሃብ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ኋላ ክርዳ የተባለውን የእርዳታ ማኅበር ያቋቋሙት ወሎ ስለተራበ ነው። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲሰፍርም ዱቄት ያካፈላችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወደፊትም ስታድሉ ስብከቱን ከሰልፉ ፊት አታስቀድሙ። የተራበ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፣ እምቢ ማለት የማይችል ሰው አሜን ቢል ምን ዋጋ አለው?

አዳራሽ ይሠራልን፣ ድምፅ ማጉያ ይገዛልን፣ ከውጭ ረጂ ይፈለግልን ትላላችሁ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይጸልዩ ነበር፣ ብዙውን ሸክም የተሸከሙትም ሴቶች ናቸው። በግልጽ ማምለክ ሲፈቀድ ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። አዳራሽ አያስፈልግም አልልም፤ ዝናብ ያስጥላል።

አሁን ወደ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር ወደሚለው፣ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንዳንዶቻችሁ ጌታን ከተቀበላችሁ በኋላ ከቅሬ እየወጣችሁ ነው። አትውጡ። መዋጮውን በወሩ ክፈሉ፣ ድንኳን ስትተክሉ ታዩ፣ ሌሊት ከለቀስተኛ ጋር እደሩ። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት እስከ መቃብር ሸኙ፣ ዱዓ ሲደረግ በአክብሮት ቁሙ። በሠርጋችሁ ለሙስሊም ዘመዶች የሚሆነውን በግ ሙስሊም ይረድ፣ ወጡም ለብቻው ይሠራ። ጾም ከሆነ ለኦርቶዶክሱ የጾም አቅርቡ። ኦርቶዶክስ ወንድማችሁንም ወንጌል እንዳልሰማ አድርጋችሁ አትናገሩት፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩት በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። ወጣቶቻችን ይህን ሳያውቁ ሲሰብኩ ስሰማ ያመኛል። የእኛ ሰው ሲሞት የመቃብር ቦታ ተከልክሎ ሬሳ ይዞ መንከራተት ምን እንደሆነ አባቶቻችሁን ጠይቋቸው። በብዙ ሰፈር ያንን በር ከስብከት ይልቅ የከፈተው በቅሬ አብሮ መቆፈር ነው።

የዓመቱን ሪፖርት ስትጽፉ ደግሞ ስንት ሰው ዳነ የሚለውን ሣጥን ለመሙላት አትቸኩሉ። ስንት ሕመምተኛ እንደጠየቃችሁ፣ በማን ለቅሶ እንደተቀመጣችሁ፣ የትኛው ጎረቤት ልጁን አምኖ እንደተወላችሁ ጻፉ። ረጂው ይህ አይበቃም ካለ ለሽማግሌዎች አምጡት፣ መልሱን እኛ እንጽፍለታለን።