አቤቱታው በጋራ፣ ዋጋው ለየብቻ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ፋርማሲ አለኝ። ዶላር ከጨመረ ወዲህ አከፋፋዮች በየጊዜው ዋጋ ይለውጣሉ። ደንበኛው ደግሞ የሚያገኘው እኛን ነውና ሌባ የምንባለው እኛ ነን። አሥራ ምናምን የምንሆን ባለ ፋርማሲዎች ለመንግሥት አቤቱታ ለማቅረብ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል። አንዱ «እስከዚያው ሁላችንም 30 በመቶ ትርፍ እንያዝ» አለ። ሌላው «አንድ ቀን እንዝጋ፣ ያኔ ይሰሙናል» ይላል። ሦስተኛው «ሰው አለኝ፣ ትንሽ ነገር እናዋጣ» ብሏል። የትኛው ነው የሚያስጠይቀን?

መልስ፦ እህቴ፣ በድሬ ልማድ «እርስዎ»ን ትቼ «አንቺ» ልበልሽ። አቤቱታው አያስጠይቃችሁም። ሌሎቹ ሦስቱ ግን ያሳስቡኛል።

ከአቤቱታው ልጀምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 31 ደግሞ መደራጀትን። ነጋዴ ስለሆናችሁ ይህ መብት አይቀነስባችሁም። ለትርፋችሁ ብላችሁ መጠየቃችሁም ወንጀል አይደለም። በስብስባችሁ ስም ብቻ ከመጻፍ ግን በከተማው የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በኩል ብትሄዱ ይሻላል። ምክር ቤቶቹ በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተቋቋሙት የአባላታቸውን ጥቅም ለማስጠበቅና ድምፃቸውን ለመንግሥት ለማድረስ ጭምር ነው። ማኅተም ያለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲገባ የተለየ ክብደት አለው፣ ይህን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ 30 በመቶው። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንቀጽ 7 ተፎካካሪ ነጋዴዎች በመሸጫ ወይም በመግዣ ዋጋ ላይ መስማማታቸውን ይከለክላል። ክልከላው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚደረገውን ስምምነት ይጨምራል። ስለዚህ «ዋጋ አልተስማማንም፣ የተስማማነው በትርፍ መቶኛ ነው» ማለት አያዋጣም። አንዳንድ ሌሎች ስምምነቶች ላይ ጥቅማቸው ከጉዳታቸው እንደሚበልጥ ማስረዳት ይቻላል። በዋጋ ላይ ግን ይህ መከራከሪያ የለም። «የተስማማነው ሕዝቡ እንዳይጎዳ ብለን ነው» ብትሉም አያድናችሁም። ቅጣቱ ከዓመታዊ ሽያጭ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ከትርፍ አላልኩም፣ ከሽያጭ ነው። የፋርማሲ ሽያጭና ትርፍ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ደግሞ ስምምነት ሲባል የተፈረመ ወረቀት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሕጉ በመናበብ የሚደረግ አሠራርንና የነጋዴ ማኅበር ውሳኔንም ያካትታል። በርጫ ላይ የተባለ ነገርም፣ በቴሌግራም አውራ ጣት የተደረገበት መልእክትም ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን አጥርቶ የሚያሳየው የአሜሪካ ነገር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር በዋጋ እንዲደራደር ፈቀደ። በ2023 ኩባንያዎችም የንግድ ምክር ቤቶችም ሕጉን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። ይህን በማድረጋቸው የተቀጣ የለም። በዚያው ዓመት ግን ቴቫ የተባለው ኩባንያ ፕራቫስታቲን በሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ዋጋ ላይ ከተፎካካሪዎቹ ጋር መመሳጠሩን አምኖ 225 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። መንግሥትን አብሮ መሞገት ይቻላል። ዋጋን አብሮ መቁረጥ አይቻልም።

ሱቅ መዝጋቱንም አልመክርም። ተፎካካሪዎች ተስማምተው አቅርቦት ሲያቋርጡ ያው አንቀጽ 7 ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ኢንሱሊን ፈልጎ ከመልካ ጀብዱ የመጣ ሰው የተዘጋ በር ቢያገኝ አቤቱታችሁን ማን ይሰማል? «ሰው አለኝ» ያለውን ደግሞ ከግሩፑ ብታስወጡት ደስ ይለኛል። ጉቦ ነው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ።

እንግዲህ ምን ትጽፋላችሁ? «መድኃኒት ተወደደ» የሚል ደብዳቤ ማንም ቢሮ አንብቦ ያስቀምጠዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ይህ መደርደሪያችሁ ላይ ምን እንዳደረገ በደረሰኝ አሳዩ። የደም ግፊት፣ የስኳርና የአስም መድኃኒቶችን ምረጡ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ከአከፋፋይ የገዛችሁበትን ዋጋ አስቀምጡ። ደረሰኙን አንድ የውጭ ሒሳብ ባለሙያ ይሰብስበውና የማንም ስም የማይታይበት አማካይ ያውጣ። እርስ በርሳችሁ አትለዋወጡ፣ በተለይ ነገ የምትሸጡበትን ዋጋ። አለበለዚያ አቤቱታ ስታዘጋጁ የዋጋ ስምምነት ውስጥ ትገባላችሁ።

ጥያቄውንም ለሚመለከተው ከፋፍሉት። የቀረጥና የታክሱ ጉዳይ ለገንዘብ ሚኒስቴር፣ የምንዛሪው ለብሔራዊ ባንክ፣ የአከፋፋዮች አሠራር ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይሂድ። የመድኃኒት ምዝገባና የማስመጣት ፈቃድ ጉዳይ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ለጤና ሚኒስቴር ግልባጭ ይድረሰው።

አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለ ዋጋ መመሪያ ሊያወጣ ነው ከተባለ ደግሞ አትዘናጉ። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ረቂቁን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት መቀበል አለበት። አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ የገባበትን ቀን አስመትታችሁ ኮፒውን ያዙ። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ስለዚህ «መመሪያ ወጥቷል» የሚል ባለሙያ ሱቅሽ ቢመጣ ቁጥሩን በትህትና ጠይቂው።

እስከዚያው የራስሽን ዋጋ ራስሽ ወስኚ። በግልጽ ለጥፊው፣ ደረሰኝም ስጪ። ሁለቱንም ሕጉ ያዛል። ሌባ ለሚልሽ ደንበኛም ከምታስረጂው በላይ ይናገርልሻል።

የ30 በመቶውን መልእክት ከስልክሽ አታጥፊው። ማጥፋቱ የደበቅሽው ነገር ያለ ያስመስላል። ይልቅ ዛሬውኑ ከሥሩ ጻፊበት፦ «በዋጋ ስምምነት ውስጥ የለሁበትም። በአቤቱታው ግን አብሬያችሁ ነኝ።»